በየሳምንቱ የሚያድጉ ምልክቶች

በሰባት ዓመቴ የተራራው ምክትል መንገድ መሪ ሆኜ ተሾምኩ። ከዚያ ወዲህ ተምሬአለሁ፣ ዲግሪ ይዣለሁ፣ የሚሽከረከር ወንበር ያለው ቢሮ ውስጥም ተቀምጫለሁ፤ ያን የሚያህል ሥልጣን ግን ዳግመኛ አልገጠመኝም።

ሹመቱን የሰጠኝ አያቴ ነው። የበጋ እንግዶች መምጣት የሚጀምሩበት ሰሞን ነበር። የቤታችን ደረጃ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ጫፍ በጣቶቹ እየፈለገ፣ ከነገ ጀምሮ ከፊት የምሄደው እኔ መሆኔን ነገረኝ። እሱስ? እሱ ከኋላ ይሆናል። መሪ ከኋላ ይሄዳል እንዴ ብዬ ጠየቅሁት።

«ከፊትማ ማንም ይሄዳል» አለኝ። «የወደቀውን የሚያነሣው ከኋላ ያለው ነው።»

በጣም ጥልቅ ነገር መሰለኝ። በማግስቱ ለእንግዶቹ ሲደግመው እነሱም ጥልቅ መሰላቸው፤ አንዷ ሴትዮ እንዲያውም መሐረብ አወጣች። ከከተማ የሚመጣ ሰው ተራራ ላይ የሰማው ነገር ሁሉ ጥልቅ ይመስለዋል። አየሩ ቀጭን ስለሆነ ይሆናል።

የምንኖረው ከትልቁ ሆቴል ጀርባ፣ ለሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ነበር፦ እኔ፣ እማዬና አያቴ። እማዬ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። ኃላፊ ይባል እንጂ በሥሯ የነበረው አንድ የማድረቂያ ማሽን ብቻ ነው፤ እሱም አይታዘዛትም። ስለዚህ አንሶላውን የምታደርቀው ከሆቴሉ ጓሮ በተዘረጋው ገመድ ላይ ነበር፣ ነፋሱ ከማሽኑ የተሻለ ጠባይ ስለነበረው።

አያቴ ደግሞ የመንገዶቹ ሰው ነበር። ከጓሮው ተነሥቶ በጥዶቹ መሐል እየተጠማዘዘ፣ ድንጋያማውን ዳገት ይዞ እስከ ገደሉ አፋፍ የሚወጣውን የእግር መንገድ በወጣትነቱ በዶማ ያወጣው እሱ ነው ይባላል። ሰዎች ሲጠይቁት፣ መንገዱን ያወጡት ፍየሎች ናቸው፣ እኔ ቀለም ብቻ ነው የቀባሁት ይላል። በየዓመቱ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት አንድ ቆርቆሮ ቢጫ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ይወጣና በየድንጋዩና በየግንዱ ላይ ያሉትን ምልክቶች ያድሳል። ለሥራው አንድ ሕግ ነበረው። አንዱ ምልክት ጋ ቆመሽ ቀጣዩ መታየት አለበት። ካልታየ መንገዱ እዚያ አልቋል ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ ብቻ ነው።

ሹመቴ ከነልብሱ ነው የመጣው። እማዬ ከሆቴሉ ግቢ ከተጣለ የፀሐይ ጥላ ላይ ቢጫ ጨርቅ ቆርጣ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ካፖርት ሰፋችልኝ። ሰማዩ ጥርት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሆኖ ሳለ እኔ ካፖርቴን እስከ አገጬ ቆልፌ ከፊት እሄዳለሁ፤ ውስጤ እንደ ድንች ይቀቀላል። እንግዶቹ፣ ይቺ ልጅ ከየት የሚመጣ ዝናብ ነው የምትጠብቀው እያሉ ይሳሳቃሉ። አያቴ ከኋላ ሆኖ፣ «ማዕረጓ ነው» ይላቸዋል። ማዕረግ የሚያሞቅ ነገር መሆኑን የተማርኩት ያኔ ነው።

ከልብሱ ሌላ የአሠራር መመሪያም ነበረኝ። መሮጥ የለም። ዝም ማለት ደግሞ ጨርሶ የለም፤ እግሬ ሥር ያየሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ መናገር አለብኝ። «ድንጋይ፣ በቀኝ በኩል። የዛፍ ሥር። ወደ ታች ደረጃ። ጭቃ፣ ትንሽ። አሁንም ሥር፣ ይሄኛው ወፍራም።» ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የከተማ ሰዎች አስፋልት ላይ ስላደጉ ድንጋይን ከርቀት አያውቁትም አለኝ። እንዳያፍሩ ለእነሱ መንገር የለብኝም። ይህ በእኛ በሁለታችን መካከል የሚቀር የሙያ ምሥጢር ነው።

ስለዚህ ያን በጋ ሙሉ ለከተማ ሰዎች ከልቤ አዘንኩ። መነጽርና ካሜራ አንግተው፣ ውድ ጫማ ተጫምተው፣ ድንጋይ የማያውቁ። አንዳንዴ ቆም ብዬ ዞር እልና በትዕግሥት፣ «ይሄ፣ ይሄ ድንጋይ ነው» እላቸዋለሁ። እነሱም የሆቴሉ መስተንግዶ መስሏቸው ያመሰግኑኛል።

አሁን ሠላሳውን አልፌ ሳስበው፣ ከሰልፉ ሁሉ ድንጋዩን የማያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የአያቴ ዓይን እየጠፋ ነበር። ከክረምቱ በፊት ከእማዬ ጋር ወደ ከተማ ወርደው ሲመለሱ ለእኔ ኳስ መጣልኝ፤ ለእሱ የመጣለት ደግሞ የሐኪሙ ቃል ነበር፣ መዳኛ የለውም የሚል። እሱ ግን ለእማዬ፣ ሐኪሙ እኮ ትንሽ ድካም ነው ብሏል እያለ አለፋት። ሐኪሙ ጋ ሲገባ በር ላይ እንድትቀር አድርጓት ነበር። ደማቅና ትልቅ ነገር ገና ይታየዋል፤ ሌላው ሁሉ ጉም ነው። ቢጫ ካፖርት ለብሳ ከፊቱ የምትለፈልፍ ልጅ ስትኖረው ግን መንገዱን መሄድ ይችላል። እኔ እየመራኋቸው የመሰለኝ እንግዶቹን ነበር።

የሚፈራው መውደቅን አልነበረም። የሚፈራው ደጃፍ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ መሆንን ነው፤ ሰው ሲያልፍ «ማነው?» የሚል፣ ጠዋት አውጥተው አስቀምጠው ማታ የሚያስገቡት ሽማግሌ። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ያኔ የነገረኝ ምክትሉ በመሆኔ ዕድለኛ መሆኔን ብቻ ነበር።

በጋው እየገፋ ሲሄድ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ምልክቶቹ እያደጉ ነበር።

መጀመሪያ በእጄ መዳፍ ልክ ነበሩ። እርግጠኛ ነኝ፣ እያለፍኩ መዳፌን ለጥፌባቸው ስለማውቅ። ከዚያ አንድ ቀን እጄን ብለጥፍ ዙሪያውን ቢጫ ተረፈ። በሌላ ሳምንት እንደ ሰሃን ሰፉ። ቆይተው ደግሞ እንደ ትሪ። እንጉዳይ ከዝናብ በኋላ እንደሚያብጥ አውቃለሁ፤ ዝናብ ግን አልነበረም። ቀለምም በፀሐይ ያድጋል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ይህን ግኝት ለአንድ መምህር እንግዳ ነገርኩት። አስደሳች አስተያየት ነው አለኝ፤ መምህራን አንድ ነገር ሳያምኑበት ሲቀሩ እንዲህ እንደሚሉ ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው።

የቀለሙ እድገት መላ ምቴ የፈረሰው በእማዬ ጥፍር ነው። የእማዬ እጅ በሳሙናና በበረኪና ብዛት ነጭ ነበር፣ የጣቶቿ ጫፍ የተሸበሸበ፣ ጥፍሮቿ ወረቀት የመሰሉ። አንድ ጠዋት ሻይ ስትቀዳልኝ ከጥፍሯ ሥር ቢጫ አየሁ። ምንድነው ስላት፣ የእንቁላል አስኳል ነው አለችኝ። የዚያን ቀን ቁርሳችን ዳቦ በማር ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ጣልኩባት። ገና ጎሕ ሲቀድ ከአልጋዋ እንደምትነሣ፣ ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት የሆነ ቦታ ደርሳ እንደምትመለስ፣ የቀሚሷ ጠርዝ በጤዛ እንደሚርስ አየሁ። ምክንያቱን ያገኘሁት ግን አንሶላ መሐል ነው። እርጥብ አንሶላ በተሰጣባቸው ገመዶች መካከል መደበቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነጭ ግድግዳ ያለው፣ በነፋስ የሚተነፍስ ቤት ነው። በአንደኛው ግድግዳ በኩል የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጫማ፣ ከጫማው ትይዩ ደግሞ የእማዬ ሸበጥ ይታያል።

ሥራ አስኪያጁ መልካም ሰው ነበር፣ ፈሪ መልካም ሰው። እኔም ሰው ነኝ እያለ ጀመረ፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚል አሁን አውቃለሁ። ከእንግዶቹ አንዱ ቢወድቅ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ሽማግሌው ደረጃ ሲወርዱ አይቷቸዋል፤ እግራቸው እየዳበሰ ነው። እሳቸውን የሚተኩት ወጣቶች ሠልጥነው ጨርሰዋል፣ ዩኒፎርም አላቸው፣ ፊሽካ አላቸው።

«ይቺን በጋ ብቻ ተዉለት» አለች እማዬ። «ከዚያ እኔ እይዘዋለሁ ሥራውን።»

«አንቺ? አንቺ ደግሞ መቼ ተራራ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«እየወጣሁ ነው።»

አንሶላው በነፋስ መጥቶ ፊቴ ላይ ተለጠፈና እዚያው ቀረሁ። ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለልኝ። እማዬ የአባቷን ሥራ ልትወስድበት ነው። እሱ የቀባውን እያጠፋች በላዩ ላይ የራሷን ትቀባለች፣ መንገዱ የሷ እስኪሆን። የተሳሳትኩት ነገር አልነበረም። ሥራውን ልትወስድ ነበር፣ ቀለሙንም የምትቀባው እሷው ነበረች። ነገሩን ሁሉ በትክክል ይዤ ሰውዬዋን መሳት የሚቻል መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ምሳ ስታቀርብልኝ አመሰግናለሁ አላልኳትም። እንዳላየች ሆነች፤ ይህም ጥፋተኛ ለመሆኗ ተጨማሪ ማስረጃ ሆነልኝ።

ጡረተኛው ዳኛ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ዳኛው ነጭ ሱሪ ለብሰው ተራራ የሚወጡ ሰው ነበሩ፤ ከዚህ በላይ ስለ ሰውዬው መናገር አያስፈልግም ነበር፣ ደግ ባይሆኑ ኖሮ። ጥዶቹ አልቀው ድንጋያማው ዳገት የሚጀምርበት መታጠፊያ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ሁልጊዜ እዚያ ውኃ እንጠጣለን። ዳኛው ደክሟቸው ማንም ሳይቀድማቸው ሄደው ዘፍ አሉበት። ስለ ፍትሕና ስለ ጉልበት ሕመም አንድ ታሪክ ነገሩን። ታሪኩ ሲያልቅ ብድግ ብለው ሸለቆውን ለማየት ጀርባቸውን ሰጡን።

ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። አንዲት ሴትዮ ሳል ያዛት። ባሏ ጫማውን ማሠር ጀመረ፣ የታሠረውን ጫማ። አያቴ ከኋላ ሆኖ ጸጥታው ምን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም፤ ዘወር ዘወር ሲል አየሁት። ያየሁትን ጮክ ብዬ መናገር ደግሞ የሥራ ግዴታዬ ነው።

«ዳኛው ከኋላቸው ቢጫ ሆነዋል» አልኩ።

ሳቁ ገደል ለገደል አስተጋባ። ዳኛው ሱሪያቸውን በእጃቸው ዳሰሱ፣ እጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ከማንም የበለጠ ድምፅ ነበራቸው። አያቴ ግን አልሳቀም። ሰዎቹን አልፎ መጥቶ ድንጋዩን በመዳፉ አገኘው። ቀለሙ እርጥብ ነበር። ጣቱን ወደ አፍንጫው አምጥቶ አሸተተ፤ ከዚያ መዳፉን መልሶ ድንጋዩ ላይ አድርጎ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተጓዘበት። እሱ ቀለም የቀባው ከወራት በፊት ነው።

«የእርስዎ ቀለም ነው?» አሉት ዳኛው።

አያቴ እጁን ከድንጋዩ አነሣ። «አዎ፣ የኔ ነው» አለ።

«እንግዲህ ማስረጃው ላይ እኔው ተቀምጬበታለሁ፣ ይግባኝ አልልም» አሉና ሹራባቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ዳገቱን ቀጠሉ።

አፋፉ ላይ ደርሰን እንግዶቹ ዳቧቸውን ፈትተው ሲበሉ አያቴ ጠራኝና ጎኑ አስቀመጠኝ። ምልክቱ ምን ያህላል ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ትሪ አልኩት። ሁሉም? ሁሉም፣ ድሮ እንደ እጄ ነበሩ እኮ፣ አላየሃቸውም እንዴ? አላስተዋልኩም አለ። ጠርዛቸውስ እንዴት ነው? እሱ ሲቀባ ዝም ብሎ አንዴ ይለቀልቀዋል፤ ምልክቱ ግራ ቀኙ የተንሻፈፈ ነው የሚሆነው። እነዚህ ግን ማዕዘናቸው አራት፣ መስመራቸው ቀጥ ያለ ነበር። አስቤ አስቤ፣ «ታጥፎ የተተኮሰ ይመስላል» አልኩት።

እኔ የቀረውን በፍጥነት ጨረስኩለት፤ እማዬ እንደሆነች፣ በጎሕ እንደምትወጣ፣ ለሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለችው፣ ምልክቶቹን እያሳደገች መንገዱን ልትቀማው እንደሆነ። እንድትጠነቀቅ ነው የምነግርህ አልኩት።

ሳቀ። ከሆዱ የመጣ ሳቅ ነበር። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ፣ ጠረገ፣ ጠረገ፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር። በእማዬ ላይ የተናደደ መስሎኝ እጁን ያዝኩለት።

እሱ እንዳያውቁበት ምክትል ሾሞ፣ ከኋላ መሄድን ጥበብ አስመስሎ፣ በጋውን ሙሉ ሲሸሽግ ከርሟል። ልጁ እማዬ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አውቃ፣ ማወቋን ሸሽጋ፣ የከዳውን ዓይን ልክ በየሳምንቱ እየለካች ምልክቱን ታሰፋለት ኖሯል። ዓይኑ አንድ ጣት ሲያንስ ቀለሙ አንድ ጣት ይጨምራል። አንዱ ምልክት ጋ ቆሞ ቀጣዩ መታየት አለበት፤ ሕጉን የሰማችው ከሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል፣ ጉልበቷ የሚያብጥ ሴት ናት።

ማታ እራት በልተን እማዬ የሰው ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ አያቴ ወንበሩን ወደ ካውያው ሙቀት ጠጋ አደረገ። ነገ የዕረፍት ቀኗ መሆኑን ጠየቃት። አንሶላ አለብኝ አለች።

«አንሶላው እግር የለውም፣ አይሸሽም» አላት። «እኔ ደግሞ ነገ አንዲት እንግዳ አለችኝ።»

«ማናት?»

«እዚህ ሆቴል ፀጉሯ እስኪሸብት ሠርታ፣ አንድ ቀን እንኳ በደህና ሰዓት፣ ዳቧን ቋጥራ ተራራውን ያላየች።»

እማዬ ካውያውን አቆመችው። «በደህና ሰዓት» የሚለው ቃል የት እንዳረፈባት አሁን ይገባኛል። ያኔ የገባኝ ሌላ ነበር። አያቴ ሊፈትናት ነው። ተራራ ላይ አውጥቶ፣ አለማወቋን አጋልጦ፣ ሥራዬን ልትወስጂ የነበረው በዚህ ችሎታሽ ነው ወይ ሊላት ነው። በደስታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ጠዋት ስንነሣ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር። በጋው ወደ ማለቂያው ነው፤ ሆቴሉ ገሚሱ ባዶ ሆኗል። ጓሮው ላይ ስንደርስ አያቴ፣ ዛሬ ከፊት እናትሽ ትሂድ አለ። እኔ መሐል። በሥራ ዘመኔ የደረሰብኝ የመጀመሪያው ዝቅታ ይህ ነው፤ ፈተና ስለሆነ ግን ቻልኩት።

እማዬ መጀመሪያ ዝም ብላ ሄደች። ጥቂት እንደተራመድን አያቴን የዛፍ ሥር አደናቀፈው። ዞር አለች። ከዚያ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች። «ሥር አለ አባዬ። እዚህ ጋ ድንጋይ። ከፍ በል።» አሠራሬን በቃሏ ይዛዋለች። እኔ እንደምጮኸው ሳይሆን በዝቅታ ነበር የምትለው፤ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚነገር። ትንሽ ቆይቶ አያቴ እኔን አልፎኝ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ። እኔ ከኋላ ቀረሁ፤ የወደቀውን የሚያነሣው ከኋላ ያለው ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ስንደርስ አያቴ ቆመ። መዳፉን ቢጫው ላይ ዘረጋው።

«ቀለም ማባከን ከማን ተማርሽ?» አላት።

እማዬ ቀጥ ብላ ቀረች። አንገቷ ሲቀላ ከኋላ አየሁ።

«ካንተ አይደለም» አለች። «አንተማ ማባከን የምታውቀው ጨዋታ ነው። ሐኪሙ ትንሽ ድካም ነው አለኝ እያልክ።»

«እሱማ ብሏል።»

«አባዬ።»

«እሺ» አለ። «እሺ፣ ሌላም ብሏል።»

በቃ። ስለ ዓይኑ በሕይወታቸው የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው፤ የቀረውን በእጅና በትከሻ ጨረሱት። እኔ ጥያቄው ስለ ቀለም መሆኑን ተረድቼ፣ መልሷ ግማሽ ያህል ልክ ነው ብዬ ነጥብ ሰጠኋት።

በሚቀጥለው በጋ መንገዱን እማዬ ያዘችው። ዩኒፎርምና ፊሽካ ያላቸው ወጣቶች በሷ ሥር ሆኑ፤ ከማድረቂያ ማሽኑ ይልቅ ታዘዟት። ማጠቢያ ክፍሉን ሌላ ሴት ወሰደች። አያቴም የፈራው አልቀረለትም፣ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፤ ብቻ ደጃፉ የቤታችን አልነበረም። መንገዱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አግዳሚ አስደረገችለትና ማንም እንግዳ ከሱ ጋር ሳያወራ ወደ ተራራው እንዳያልፍ ደነገገች። ሰዎች ከተራራው ይልቅ እሱን ሊያዩ መምጣት ጀመሩ። ምልክቶቹ ዛሬም እንደ ትሪ ናቸው። እንግዶች፣ ይህን ያህል ለምን አስፈለገ ብለው ይጠይቃሉ፤ በስልካቸው ካርታ እየተመሩም ቢሆን ይጠይቃሉ። እማዬ፣ እንዲህ ነው የኛ አቀባብ ትላቸዋለች።

ያን ቀን አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን ምንም አልነበረም። ከእንጨት አጥሩ ወዲያ ሸለቆ የለ፣ ሆቴል የለ፣ ወንዝ የለ። ደመናው ከሥር ወጥቶ ሁሉን ነገር ውጦታል። የአጥሩ ሁለተኛ እንጨት ድረስ ይታያል፣ ከዚያ ነጭ ነው። አያቴ ድንጋዩን ዳብሶ ተቀመጠ። እማዬ ጎኑ፣ እኔም በሌላው ጎኑ።

«እስቲ ንገሪኝ» አላት። «ምን ይታያል?»

ዋናው ፈተና ይህ ነው አልኩ በልቤ። ወደቀች። ምንም አይታይም ከማለት ሌላ ምን ትላለች? እማዬ ነጩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የሆቴሉ ጣሪያ ይታያል» አለች። «አዲስ የቀየሩት ቆርቆሮ በአንድ በኩል ያብረቀርቃል።»

ክው አልኩ።

«ከጀርባው ገመዱ አለ። ትናንት ያጠብኩትን ሁሉ አስጥተውታል፣ ነፋስ ገብቶበት ብድግ ብድግ ይላል። አንዱ ሊያመልጥ ነው፣ ቀኝ ጥጉ ተፈቷል። ወንዙ ቀንሷል፤ ድንጋዮቹ ወጥተዋል። አውቶቡሱ ድልድዩ ጋ ደርሶ መታጠፊያው ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ ይመታል።»

ውሸት። አንዱም አልነበረም። ፈተና ላይ ዓይኗን በጨው አጥባ የምታጭበረብር እናት አለችኝ ማለት ነው፣ ያውም ማየት በማይችል... እዚያ ላይ ሐሳቤ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ላይ ደረስኩና ቆምኩ። ግን ያው ልጅ ነኝ፣ ውሸት ደግሞ ውሸት ነው፤ አፌን ከፈትኩ። የአያቴ እጅ ጉልበቴን አግኝቶ ጫን አለው፣ ቀስ ብሎ።

ቀና ብዬ አየሁት። ጢሙ ላይ የደመናው ውኃ ተንጠልጥሏል። ጠብታዎቹ ከፀጉር ወደ ፀጉር እየተሸጋገሩ አገጩ ላይ ይወርዳሉ፣ ቅንድቡ እርሷል፣ የኮቱ ትከሻ እርሷል። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ተራራ የኖረ ሰው ደመና ውስጥ መቀመጡን ለማወቅ ዓይን አያስፈልገውም። ከኛ ሁሉ ቀድሞ ነው ያወቀው፤ ጥያቄውን ሲጠይቃት ያውቅ ነበር። እሷም ፊቱን አይታለች፣ ጠብታውን አይታለች። ያን ቀን ማን ማንን እንዳታለለ እስካሁን ለይቼ አላውቅም።

«ደግሞስ?» አላት።

«ደግሞ መንገዱ ይታያል። በጥዶቹ መሐል ወጣ ገባ እያለ። ሰዎች እየወጡበት ነው።»

«ብዙ ናቸው?»

«ደህና ናቸው። አንዷ ጥላ ይዛለች። አንዱ ገና ከአሁኑ ደክሞት ወገቡን ይዟል።»

«ከፊት ማን አለ?»

ነጩ ውስጥ የሆነ ቦታ አንድ ወፍ ጮኸ። እማዬ ትከሻዋን ከትከሻው ጋር አገጣጠመችው።

«አንተ ነሃ» አለች።

አያቴ አሰበበት። «እየፈጠንኩባቸው ነው?»

«አልፈጠንክም። እየጠበቅካቸው ነው።»

ራሱን ነቀነቀ፣ በሥራው እንደረካ ሰው። «እንግዲያው ይድረሱ» አለና እግሩን ዘርግቶ ተደላደለ። ሦስታችንም ዝም ብለን ጠበቅናቸው።